ምድር ሲደርቅ የተቀበረው ገመድ ይግላል
(በዓመት በዓሉ ቀን በሳይንስ ክበብ ስም ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



የሳይንስ ክበባችን ለዚህ በዓል አንድ ንግግር እንዳዘጋጅ ባዘዘኝ ጊዜ፣ ስለ ጨረቃ ወይም ስለ ሮኬት ብናገር ሕዝቡ ደስ ብሎት እንደሚሰማኝ የመከሩኝ ጓደኞች ነበሩ። ምክራቸው መልካም ነበር። ነገር ግን ስለ ጨረቃ የሚናገር ሰው አይጠፋም፤ ከእግራችን በታች ሦስት ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚገኘው ነገር ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው በምድር ውስጥ ስለ ተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድና በዙሪያው ስላለው አፈር ነው። በተለይም አፈሩ ሲደርቅ ገመዱ ምን እንደሚሆን አስረዳለሁ።

በአገራችን ኤሌክትሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን በምሰሶ ላይ የተዘረጋው ሽቦ ነው። አሁን ግን ነገሩ እየተለወጠ ነው። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ፣ በየመንገዱ ዳር በምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው የመብራትና የስልክ ሽቦ በብዙ ቦታ ወደ ምድር ውስጥ ገብቷል። ይህም ለዓይን ያማረ ነው፤ ነፋስ አይጥለውም፤ የዛፍ ቅርንጫፍም አይቆርጠውም። ይሁን እንጂ ገመዱ ወደ ምድር ሲገባ አንድ ትልቅ ወዳጅ ያጣል፤ እርሱም ነፋስ ነው።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። የኤሌክትሪክ ፍሰት በማናቸውም የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደተማርነው ይህ ሙቀት የሚያድገው በፍሰቱ ልክ ሳይሆን በፍሰቱ ስኩዌር ነው፤ ይኸውም ፍሰቱ 2 እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ 4 እጥፍ ይሆናል፤ 3 እጥፍ ሲሆን 9 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በምሰሶ ላይ ያለው ሽቦ ይህን ሙቀት ለነፋስ ሰጥቶ ይገላገላል። የተቀበረው ግን ሙቀቱን የሚሰጠው ለአፈር ብቻ ነው። አፈሩም በበኩሉ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ ላይ እስከ ምድር ገጽ ያደርስና በመጨረሻው ለአየር ያስረክባል።

ሙቀቱ መውጫ ቢያጣ ምን ይሆናል? መዳቡ ራሱ በዚህ አይጎዳም፤ መዳብ የሚቀልጠው ከ1000 ዲግሪ በላይ ነው። የሚጎዳው ኤሌክትሪኩ ወደ ውጭ እንዳያመልጥ በመዳቡ ላይ የተለበሰው ሽፋን ነው። ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው የፕላስቲክ ሽፋን ሥራውን በደህና የሚቀጥለው መዳቡ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስካላለፈ ድረስ ነው። ዛሬ በትልልቅ ገመዶች ላይ የሚለበሰው በልዩ ዘዴ የተጠናከረ ፖሊኢትሊን ደግሞ እስከ 90 ዲግሪ ይችላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሽፋኑ ወዲያው አይቃጠልም፤ ያረጃል እንጂ። መሐንዲሶች በልምድ እንደሚናገሩት፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ያህል በጨመረ ቁጥር የሽፋኑ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። አርባ ዓመት ያገለግላል ተብሎ የተቀበረ ገመድ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚሞትበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ አፈሩ እንመለስ፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ነው።

አፈር አንድ ወጥ ነገር አይደለም። በውስጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም የድንጋይ ቅንጣት፣ ውኃና አየር ናቸው። ሦስቱም ሙቀትን በማሳለፍ በኩል እጅግ ይለያያሉ። ውኃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያሳልፋል፤ በአሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ደግሞ ከውኃ ከ10 እጥፍ በላይ ያሳልፋል። እንግዲህ ኳርትዝ ያለበት አሸዋ ሁልጊዜ ሙቀትን በደንብ ማሳለፍ ነበረበት። ነገር ግን ክብ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው የሚነካኩት በጥቂት ነጥብ ብቻ ነው፤ የቀረው ቦታ ባዶ ነው። ይህ ባዶ ቦታ በአየር ሲሞላ ሙቀቱ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት ለመሻገር ይቸገራል። ጥቂት ውኃ ሲገባበት ግን ውኃው ልክ ቅንጣቶቹ በሚነካኩበት ቦታ ተሰብስቦ ድልድይ ይሆናል። ስለዚህ አፈሩ በውኃ መጥለቅለቅ አያስፈልገውም፤ ጥቂት እርጥበት ብቻ ብዙ ሥራ ይሠራል።

ይህን ነገር ገበሬው አባቴም ሆነ የእናንተ አያት ሳይማሩ ያውቁታል። ጋቢ ለምን ያሞቃል? ጥጡ ራሱ ሙቀት ስለሚሠራ አይደለም፤ በክሩ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ያው ጋቢ ዝናብ ሲመታው ግን ለባሹን ያንቀጠቅጠዋል፤ የአየሩን ስፍራ ውኃ ወስዶታልና። ደረቅ አፈር ለተቀበረው ገመድ ደረቅ ጋቢ ማለት ነው። ለእኛ በሌሊት ብርድ የሚስማማን ልብስ ለገመዱ መታፈኛ ይሆንበታል።

መሐንዲሶች ይህን በቁጥር ይለኩታል። በየገጹ አንድ ሜትር የሆነ የአፈር ኩብ አስቡ፤ ከአንዱ ገጽ ወደ ማዶው ገጽ 1 ዋት ሙቀት ለማሳለፍ የስንት ዲግሪ ልዩነት ያስፈልጋል? ይህ ቁጥር የአፈሩ የሙቀት ተቃውሞ ይባላል። ደህና እርጥበት ባለው አፈር ቁጥሩ 1 ያህል ነው። በደረቀ አፈር 2.5 ወይም 3 ይደርሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ያልፋል።

ቁጥር የማይወድ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ይታገሰኝ፤ ይህን ሳላሰላ ባልፍ የሒሳብ መምህራችን ይታዘቡኛል። ዲያሜትሩ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ገመድ 1 ሜትር ጠልቆ ተቀብሯል እንበል። እያንዳንዱ ሜትር ርዝመቱ 50 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ይህም የድሮው አንድ ትንሽ አምፑል የሚያወጣው ያህል ነው። የምድሩ መደበኛ ሙቀት 20 ዲግሪ ይሁን። እንዲህ ያለውን ስሌት መሠረት የጣለለት፣ በኤዲሰን ዘንድ ረዳት ሆኖ ይሠራ የነበረው አርተር ኬኔሊ እ.ኤ.አ. በ1893 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። በእርሱ ዘዴ ሲሰላ፣ የአፈሩ ተቃውሞ 1 ከሆነ የገመዱ ገጽ ከአካባቢው በ29 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ይኸውም 49 ዲግሪ ይሆናል። ገመዱንና ፍሰቱን ሳንነካ አፈሩን ብቻ አድርቀን ተቃውሞውን 2.5 ብናደርገው ጭማሪው 73 ዲግሪ ይሆንና ገጹ 93 ዲግሪ ይደርሳል። በውስጥ ያለው መዳብ ደግሞ ከገጹ የበለጠ ይግላል። ስለዚህ 90 ዲግሪ የሚችለው ሽፋን አልፎበታል ማለት ነው። ሙቀቱን ወደ ቀድሞው ለመመለስ ብንፈልግ ፍሰቱን ከ100 አምፔር ወደ 63 አምፔር ማውረድ ያስፈልገናል። ገመዱን በገዛንበት ዋጋ ላይ ከሲሶ በላይ ከሰርን እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «አንድ ሜትር ያህል አፈር እንዴት በሙሉ ይደርቃል?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በሙሉ መድረቅ አያስፈልገውም የሚል ነው። ሙቀቱ ከገመዱ ሲወጣ በመጀመሪያ በጠባብ ክብ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ክቡ እየሰፋ ስለሚሄድ መንገዱ ይቀልለታል። በሰጠሁት ምሳሌ፣ ከጠቅላላው የሙቀት ልዩነት ከሲሶ በላይ የሚሆነው የሚያልቀው በገመዱ ዙሪያ ባለው በመጀመሪያው 15 ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ነው። ይህ 15 ሴንቲሜትር ብቻ ደርቆ የቀረው ሁሉ እርጥብ ቢሆን እንኳ የገመዱ ገጽ ከ49 ወደ 66 ዲግሪ ይወጣል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ያንን የቅርብ አፈር የሚያደርቀው ራሱ ገመዱ መሆኑ ነው። የገመዱ ሙቀት በአጠገቡ ያለውን ውኃ ወደ እንፋሎትነት ይለውጠዋል። እንፋሎቱ በአፈሩ ቀዳዳ እየሾለከ ወደ ቀዝቃዛው ስፍራ ይሸሽና እዚያ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ውኃውም በበኩሉ፣ ልክ ጋዝ በፋኖስ ክር እንደሚወጣ፣ በጠባቡ የአፈር ቀዳዳ እየተሳበ ወደ ደረቁ ስፍራ ለመመለስ ይሞክራል። የሚሸሸውና የሚመለሰው እኩል እስከሆነ ድረስ ምንም ክፉ ነገር የለም። ገመዱ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲግል ወይም በጋው ረዝሞ በዙሪያው የነበረው ውኃ ሲያንስ ግን የሚመለሰው የሚሸሸውን ሊተካ አይችልም። ያን ጊዜ በገመዱ ዙሪያ እንደ ቱቦ ያለ ደረቅ አፈር ይሠራል። ደረቁ አፈር ሙቀቱን ያግዳል፤ ገመዱ የበለጠ ይግላል፤ የጋለውም ገመድ ደረቁን ቱቦ ያሰፋዋል። በዚህ ላይ የመዳብ ኤሌክትሪክ የመቃወም ኃይል በየዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ያው ፍሰት የበለጠ ሙቀት ይሠራል።

ቀን ሠርቶ ሌሊት የሚያርፍ ገመድ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ በእረፍቱ ጊዜ ውኃው ወደ ስፍራው ለመመለስ ፋታ ያገኛል። ሌትና ቀን ያለ ፋታ የሚሠራው ግን ለመድረቅ ይቀርባል።

ይህን በዓይናችን ለማየት እኔና ሁለት የክበባችን አባሎች ትንሽ መሣሪያ ሠርተናል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የምታዩአቸው ሁለት ቆርቆሮዎች አሸዋ የተሞሉ ናቸው፤ የአንዱ አሸዋ ደረቅ ነው፤ በሌላው ላይ ውኃ አርከፍክፈንበታል። በሁለቱም መካከል በመስታወት ቱቦ ውስጥ የገባ፣ ከተጣለ የኤሌክትሪክ ምድጃ የተወሰደ እኩል ርዝመት ያለው ሽቦ አለ። ሁለቱን ሽቦዎች አንዱን ከሌላው አስከትለን ከአንድ ባትሪ ጋር አያይዘናቸዋል፤ ስለዚህ በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ያው አንድ ነው፤ ለአንዱ አድልተናል ተብለን አንታማም። የፊዚክስ መምህራችን ግን አንድ ነገር አሳስበውናል። ውኃ ለመሞቅ ብዙ ሙቀት ስለሚፈልግ እርጥቡ አሸዋ በመጀመሪያው ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ቢታይ በዚህ ብቻ ሙቀት አሳላፊ መሆኑ አይረጋገጥም። ፍርዱ የሚሰጠው ሁለቱም ቴርሞሜትሮች መውጣታቸውን ካቆሙ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ከጧት ጀምሮ የተውናቸው።

ከቆርቆሮው ወደ ከተማው እንሂድ። በኒው ዚላንድ አገር ኦክላንድ የምትባል ትልቅ ከተማ አለች። እዚያ ጥርና የካቲት የበጋቸው ትኩስ ወራት ናቸው፤ ምድራቸው ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የከተማይቱ መካከለኛ ክፍል ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከሞላ ጎደል በአራት ትልልቅ የተቀበሩ ገመዶች ነበር። ከአራቱ ሁለቱ 40 ዓመት ያህል ያገለገሉ ነበሩ። ያ በጋ ከወትሮው የበለጠ ሞቃትና ደረቅ ነበር። ጃንዋሪ 22 ቀን አንደኛው ገመድ ተበላሸ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን ሁለተኛው ተከተለ። የሁለቱ ሸክም በቀሩት በሁለቱ ላይ ወደቀ፤ እነርሱም ፌብሩዋሪ 19 እና 20 ቀን በተከታታይ አለቁ።

እስቲ ይህን አስቡት። የባንክ ቤቶችና ትልልቅ ፎቆች የቆሙበት መሐል ከተማ በሙሉ ጨለመ። አሳንሰሩ ቆመ፤ የምግብ ማቀዝቀዣው ጠፋ። በዚያ አካባቢ ይሠሩ ከነበሩት 74,000 ያህል ሰዎች ውስጥ 60,000 የሚሆኑት ከቤታቸው ወይም ወደ ከተማው ዳርቻ ከተዛወሩ ቢሮዎች ሆነው ለመሥራት ተገደዱ። እዚያው ይኖሩ ከነበሩት 6,000 ያህል ሰዎች አብዛኞቹ ሌላ ማደሪያ ፈለጉ። ይህም ለአንድና ለሁለት ቀን አልነበረም፤ በምሰሶ ላይ ጊዜያዊ መስመር ተዘርግቶ እስኪያልቅ ድረስ አምስት ሳምንት ቆየ። በምሰሶ ላይ መሆኑን ልብ በሉ፤ የተቀበረው ሲከዳ የጠሩት ያንኑ ነፋስ የሚያገኘውን ሽቦ ነው።

ጥፋቱን በሙሉ በአፈሩ ላይ መጫን ግን ፍርድ ማዛባት ነው። የገመዶቹ እርጅና ነበር፤ አንዱ ሲወድቅ ለሌላው የተረፈው ሸክም ነበር፤ ሁሉን በአራት ገመድ ላይ የጣለውም አሠራር ነበር። የበጋው ሙቀትና ድርቀት ከተቆጠሩት ምክንያቶች መካከል አንዱ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ሰው ሁሉ የገመዱን ዕድሜ ይጠይቃል፤ ገመዱ የተኛበት አፈር ባለፈው ወር ምን ያህል ውኃ እንዳገኘ የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

ገመድ ሲገዛ ይህን ያህል አምፔር ይሸከማል የሚል ሠንጠረዥ አብሮት ይመጣል። በሠንጠረዡ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የሚያነብ ጥቂት ነው። እዚያ ላይ የምድሩ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ የአፈሩም ተቃውሞ 1 ነው ተብሎ ታስቦ እንደሆነ ወይም 2.5 ተብሎ እንደሆነ ተጽፎ ይገኛል። አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር ሳያመሳክር የሚያነብ ሰው ያንኑ ገመድ አንድ ጊዜ ብርቱ፣ አንድ ጊዜ ደካማ አድርጎ ያያል።

ስለ አገራችን አፈር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በብዙ ቦታ ያለው ጥቁሩ የዋልካ አፈር ነው። ክረምት ሲሆን ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እግርን ይዞ አይለቅም። በዚያን ጊዜ ለተቀበረ ገመድ መልካም ጎረቤት ነው። ከጥቅምት በኋላ ዝናቡ ሲቆም ግን ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በግንቦት እርሻ መካከል እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያላየ የገጠር ልጅ የለም። ስንጥቁ ወደ ገመዱ ሲደርስ አፈሩ ከገመዱ ይለያል፤ በመካከላቸውም አየር ይገባል። አየር ደግሞ ከሦስቱ ሁሉ የከፋው መሆኑን ተናግሬአለሁ። ስለዚህ ገመዱን በተቆፈረው በዚያው ጥቁር አፈር መልሶ መቅበር ለቆፋሪው ይቀለዋል እንጂ ለገመዱ አይበጀውም።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? ዋናው ነገር በገመዱ ዙሪያ ያለውን ያን ጥቂት አፈር መለወጥ ነው። ተራ የወንዝ አሸዋ ብቻ ማልበስ ግን አይበቃም። ቅንጣቱ አንድ ዓይነት የሆነ አሸዋ በመካከሉ ብዙ ባዶ ቦታ ስላለው በቶሎ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ክፉ ነው። የሚፈለገው ትልቁና ትንሹ ቅንጣት ተደባልቆ፣ ትንሹ በትልቁ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ የሚሞላበት አሸዋ ነው፤ ያም በደንብ ተጠቅጥቆ ነው። በእንግሊዝ አገር ለ14 እጅ አሸዋ 1 እጅ ሲሚንቶ እየደባለቁ በትልልቅ ገመዶች ዙሪያ ይሞሉበታል። ይህ ድብልቅ በሙሉ ቢደርቅ እንኳ ተቃውሞው ከ1.2 ያህል አያልፍም ተብሎ ይታሰባል። ሲሚንቶው አነስተኛ የሆነው ገመዱ ሲበላሽ በዶማ ተቆፍሮ እንዲወጣ ነው።

ጠለቅ አድርጎ መቅበርስ? እርጥበቱ ይሻላል፤ የሙቀቱ መንገድ ግን ይረዝማል። በምሳሌያችን ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ብናወርደው የአፈሩ ተቃውሞ በ19 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ እንደየቦታው የሚመዘን ነገር ነው። ብዙ ገመዶችን በአንድ ጉድጓድ ማጠጋጋትም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሌላውን ያሞቀዋል።

ከመቅበር በፊት ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ እንደ ረጅም መርፌ ያለ የብረት ዘንግ ነው። በውስጡ ማሞቂያ ሽቦና የሙቀት መለኪያ አለው። መርፌው በአፈሩ ውስጥ ተሰክቶ በታወቀ መጠን ሲሞቅ፣ ሙቀቱ ከጊዜው ጋር እንዴት እንደሚወጣ ተመዝግቦ የአፈሩ ተቃውሞ ይሰላል። ልኬቱ መደረግ ያለበት ግን በበጋው መጨረሻ ነው። በነሐሴ ጭቃ ላይ የተለካ ቁጥር ሁሉንም ሰው ደስ ያሰኛል፤ በሚያዝያ ግን አይገኝም። የሁሉንም ወር ለማወቅ የሚፈልግ መሐንዲስ አፈሩን ወደ ላቦራቶሪ ወስዶ እርጥበቱን እየቀነሰ ደጋግሞ ይለካዋል።

እዚህ ለተቀመጣችሁት ወላጆችም የሚነካ ነገር አለ። ገመድ ባለፈበት መስመር ላይ ትልቅ ዛፍ መትከል ጥላ ይሰጣል፤ ሥሩ ግን ገመዱ የሚፈልገውን ውኃ ይጠጣበታል። በላዩ ላይ አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ማልበስም ዝናቡን ይከለክላል። ለቧንቧ ሲባል ተቆፍሮ የነበረው ቦታ በቆሻሻና በጡብ ስብርባሪ ሲሞላ ደግሞ፣ መሐንዲሱ የደከመበት አሸዋ በአንድ ሜትር ቦታ ላይ ይጠፋል። ገመድ የሚበላሸውም በዚያች በአንዲት ሜትር ነው፤ የቀረው ብዙ ኪሎ ሜትር ደህና ቢሆን ምንም አይረባውም። ዛሬ በአንዳንድ ትልልቅ ገመዶች ጎን የመስታወት ክር እየተዘረጋ፣ በክሩ ውስጥ በሚላክ ብርሃን አማካይነት የየሜትሩን ሙቀት ከቢሮ ሆኖ ማንበብ ተችሏል። ይህ ዘዴ የጋለችውን ሜትር ያሳያል፤ አያበርዳትም።

ኦክላንዶች ከዚያ በኋላ ወደ መሐል ከተማቸው 9 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ በምድር ውስጥ ቆፈሩና አዲሶቹን ገመዶች በዚያ ውስጥ አሳለፉ። በዋሻው ውስጥ ገመዱ ሙቀቱን የሚሰጠው ለአየር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ለሁሉ ከተማ የሚቻል አይደለም፤ አብዛኛው ገመድ እንደ ተለመደው በአፈር ተከቦ መኖሩ አይቀርም።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ቆርቆሮዎቹ እስከ ማታ ድረስ በጠረጴዛው ላይ ይቆያሉ። ቴርሞሜትሮቹን መጥታችሁ ራሳችሁ አንብቡ፤ በግራ በኩል ያለው የደረቁ ነው። ከንባቡ በኋላ ጥያቄ ያለው ሰው ቢኖር እኔና ጓደኞቼ እዚያው ቆመን እንጠብቃለን።